ዝገቱን አትንኩት

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ የጥንት ጦር መሣሪያ በሚሸጥበት ጨረታ ላይ ሁለት ሽጉጦች ጎን ለጎን ቀርበዋል እንበል። ሁለቱም የ1836 ሞዴል ናቸው፤ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት፣ ለአንድ ጦር የተሠሩ። አንደኛው መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ለሰብሳቢ የደረሰ ነው። እንጨቱ ያበራል፤ ማኅተሙ ትናንት የተመታ ይመስላል። ሁለተኛው ዘምቶ የተመለሰ ነው። እንጨቱ ተሰንጥቆ ተጠግኗል፣ ብረቱ ጠቁሯል፣ የማቀጣጠያው ክፍልም በኋላ ዘመን በሌላ ተቀይሯል። የትኛው በውድ የሚሸጥ ይመስላችኋል?

መጋዘን የተኛው ነው፤ ያውም በብዙ ብልጫ። ምንም ያላየው መሣሪያ ብዙ ካየው ይወደዳል።

ገበያ ነውና ሰው በገንዘቡ የወደደውን ይግዛ፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ችግሩ የሚጀምረው ዋጋው ሰዎችን በእጃቸው ያለውን ማስረጃ ወደ መነካካት ሲገፋቸው ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አሜሪካ የጥንት ወታደራዊ ባለባልጩት ሽጉጦችና ስለሚሰበስቧቸው ሰዎች ነው። ጉዳዩ ሩቅ ይመስላል። ግን ‹‹ወደ ጥንቱ እንመልሰው›› ሲባል ምን እንደሚጠፋ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

◾️ መሣሪያው

ባለባልጩት ሽጉጥ አሠራሩ ቀላል ነው። ባሩድና ክብ የእርሳስ አረር በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። በጎን በኩል ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ደግሞ ጥቂት ባሩድ ይደረጋል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ወርዶ ብረት ይገጫል፤ ፍንጣሪው ጎድጓዳው ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል፤ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባና አረሩ ይወጣል። በቃ፣ አንድ ጥይት ብቻ። ለሁለተኛው ሁሉንም ከመጀመሪያው መድገም ነው። ዝናብ ካለ ደግሞ ጭራሽ ላይተኩስ ይችላል። አያቶቻችን ጎርሶ ለመተኮስ ጊዜ የሚፈጀውን የድሮ ጠመንጃ ‹‹ቆመህ ጠብቀኝ›› ማለታቸው ያለ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ፈረሰኛው ብዙ ጊዜ ሁለት ሽጉጥ በኮርቻው ማኅደር ይዞ ይዘምት ነበር። ሁለቱም ከተተኮሱ ከባዱ ሰደፍ እንደ ዱላ ያገለግላል። ለባሕር ኃይል የሚሠሩት ደግሞ ቀበቶ ላይ የሚሰኩበት የብረት ማንጠልጠያ ይደረግላቸው ነበር።

ሰብሳቢዎች ‹‹ወታደራዊ›› የሚሉት መንግሥት አዝዞ ያሠራውን፣ ተቆጣጣሪ መርምሮ ማኅተም የመታበትን ነው። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያሉ ሽጉጦችን ያሠራው ከ1799 እስከ 1840ዎቹ ድረስ ነው፤ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ በነበርንበት ጊዜ ማለት ነው። ዘመኑ አጭር፣ ሞዴሎቹም በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸው አንድ ሰብሳቢ ዕድሜ ልኩን አንዱን ሞዴል ብቻ ሲያጠና ቢኖር አይገርምም።

◾️ ማጭድ ሠሪውና መንግሥቱ

አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ለነፃነት ስትዋጋ የታጠቀችው ባብዛኛው ከፈረንሳይ የመጣ፣ ከእንግሊዝ የተማረከና በየመንደሩ የተሠራ ልዩ ልዩ መሣሪያ ነበር። ነፃነቱ ከተገኘ በኋላ አዲሱ መንግሥት አንድ ነገር ገባው፦ መሣሪያውን ከውጭ የሚለምን አገር ነፃነቱ በሰው እጅ ነው።

እናም በማርች 1799 ሲሚዮን ኖርዝ ከሚባል ሰው ጋር 500 ሽጉጥ ለማሠራት ውል ተፈረመ። ኖርዝ የጦር መሣሪያ ሊቅ አልነበረም። በኮኔቲከት ግዛት በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር ገበሬና ማጭድ ሠሪ ነበር። አብሮት የሠራው ዘመዱ ኢላይሻ ቼኒ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 1,500 ታዘዘና ድምሩ 2,000 ሆነ። ንድፉ የፈረንሳይ የ1777 ሽጉጥ ቅጂ ነው። ዛሬ የሁለቱ ሰዎች ስም የተመታበት አንድ ሽጉጥ ከተገኘ የሰብሳቢው ዓለም ይናወጣል፤ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸውና።

መንግሥት ራሱ ባቋቋመው ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹን ሽጉጦች የሠራው በሃርፐርስ ፌሪ ነው። ፖቶማክና ሸናንዶዋ የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት፣ ያኔ በቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ በነበረ ቦታ። የ1805 ሞዴል የሚባለው ሽጉጥ እስከ 1808 ድረስ 4,096 ያህል ተሠራ። የተሠራው ጥንድ ጥንድ እየሆነ ሲሆን ሁለቱ መንትዮች አንድ ቁጥር ይመታባቸው ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ቁጥር ያላቸውን ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ለሰብሳቢ ትልቅ ሲሳይ ነው። የአሜሪካ ጦር ፖሊሶች የተመሳቀለ ሽጉጥ አርማም ይህንኑ ሞዴል የሚያሳይ ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው ግን በ1813 ነው። መንግሥት ከኖርዝ ጋር የ20,000 ሽጉጥ ውል ሲፈርም አዲስ ግዴታ አስገባበት፦ የአንዱ ሽጉጥ ማንኛውም ክፍል ያለ ማስተካከያ ከ20,000ዎቹ በሌላው ላይ መግጠም አለበት። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ነው። ከመርካቶ የተገዛ የመኪና ዕቃ ይገጥማል ብለን ነው የምንገዛው፤ ‹‹መለዋወጫ›› የሚለው ቃላችን ራሱ ይህን ሐሳብ ይዟል። ያኔ ግን እያንዳንዱ ሽጉጥ በሞረድ ተሞርዶ፣ ብረቱ ከብረቱ ጋር ተለክቶ የሚገጣጠም ነበር። የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም። ጦር ሜዳ ላይ አንድ ትንሽ ብረት ከተሰበረ ሽጉጡ በሙሉ ከሥራ ወጣ ማለት ነው።

ኖርዝ ኮኔቲከት ውስጥ ሚድልታውን በምትባል ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። መንገዱ ቀና አልነበረም። የመጀመሪያው ንድፍ አፈሙዙ ሰፊ ስለነበር ሲተኮስ ክፉኛ ይራገጣል ተባለና ጠበብ ተደረገ፤ ውሉም በዚያው በአዲሱ ሞዴል ተጠናቀቀ። በ1819 ሌላ የ20,000 ትእዛዝ መጣ። በ1830ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ በኖርዝ ፋብሪካ የተሠራ የጠመንጃ ክፍል በሃርፐርስ ፌሪ ከተሠራው ጋር የሚቀያየርበት ደረጃ ላይ ተደረሰ። በኋላ ሰዓትን፣ የስፌት መኪናን፣ ብስክሌትን ያጥለቀለቀው የአሜሪካ የፋብሪካ አሠራር ሥሩ ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው ከእነዚህ የመንግሥት ውሎች ነው።

እንግዲህ አንድ የኖርዝ ሽጉጥ ሲታይ ለተራ ሰው አሮጌ ብረት ነው። ለሚያነበው ግን ደካማ የነበረ መንግሥት በትእዛዝ ብዛት፣ በጥብቅ ውልና በቁጥጥር ኢንዱስትሪ እንዴት እንደወለደ የሚናገር ሰነድ ነው።

◾️ ተረቱን ያፈረሰው የሞረድ ፍቅ

ብረት ሰነድ ነው ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ለብዙ ዘመን የአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት መለዋወጫን የፈለሰፈው ኢላይ ዊትኒ ነው ይሉ ነበር። ዊትኒ በ1798 በሁለት ዓመት ገደማ 10,000 ጠመንጃ ላስረክብ ብሎ ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ። ጊዜው ሲያልፍበት በ1801 ዋሽንግተን ሄዶ በጄፈርሰንና በሌሎች ባለሥልጣናት ፊት የማቀጣጠያ ክፍሎችን እያነሳ ገጣጥሞ አሳየ። ሁሉም ተደነቁ። ጠመንጃዎቹ ተጠናቀው የተረከቡት ግን በ1809 ነው።

ይህ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ተነገረ። በ1960 ሮበርት ዉድበሪ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ ሰነዶቹን መርምሮ ታሪኩ ተረት ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይሠራ የነበረው ኤድዊን ባቲሰንም የቀሩትን የዊትኒ ጠመንጃዎች ፈትቶ ውስጣቸውን አየ። ያገኘው በእጅ የተሞረዱ ክፍሎችን ነው። የአንዱ ክፍል ከሌላው እንዳይደባለቅ ምልክት ተደርጎበታል። የሚለዋወጥ ዕቃ ደግሞ ምልክት አያስፈልገውም። ክፍሎቹ ሲሞከሩም አልተለዋወጡም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። አንድን ትልቅ ብሔራዊ ተረት ለማፍረስ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ በጠመንጃ ሆድ ውስጥ የቀረ የሞረድ ፍቅ ነው። ባለቤቶቹ ጠመንጃዎቹን አሳምረን እንሽጥ ብለው ውስጣቸውን ቢወለውሉ ኖሮ ያ ማስረጃ ብርጭቆ ወረቀት በልቶት ይቀር ነበር።

◾️ ሁለት ጊዜ የተለወጠ ሽጉጥ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ባልጩትን የሻረው ካፕሱል የሚባለው ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው። በውስጡ ሲመታ የሚቀጣጠል ነገር አለ፤ ዝናብ አያሸንፈውም። የአሜሪካ ጦር በ1840ዎቹ ወደዚህ ሲሻገር መጋዘኖቹ በባለባልጩት መሣሪያ የተሞሉ ነበሩ። ስለዚህ ብዙዎቹ ተለወጡ። ጎድጓዳዋና ባልጩቱ የሚመታው ብረት ተነቀሉ፣ ካፕሱሉ የሚቀመጥበት ጡት ተገጠመ፣ መዶሻው ተቀየረ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ መሣሪያ ያጠራቸው የደቡብ ግዛቶች ያገኙትን አሮጌ ባለባልጩት ሁሉ እንዲህ እየለወጡ አስታጠቁ።

ይህ ለውጥ በራሱ ታሪክ ነው። መንግሥት ገንዘብ መቆጠቡን ይናገራል፤ ጦርነት መምጣቱን ይናገራል፤ አንዳንዴ በየትኛው ወገን እጅ እንደነበረም ይናገራል።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢ ግን ባልጩቱን ፈለገ። ኖርም ፍላይደርማን በ1977 ያወጣው የታወቀ የዋጋ መመሪያ ለብዙዎቹ ሞዴሎች ሁለት ዋጋ ያስቀምጣል፦ እንደተሠራ ለቀረውና ለተለወጠው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነው። እናም የሚጠበቀው ሆነ። የተለወጡት እንደገና ይለወጡ ጀመር። ጡቱ ተነቅሎ ቀዳዳው ተበየደ፤ ከሌላ ሽጉጥ የተነቀለ ወይም በአዲስ የተሠራ ጎድጓዳና መዶሻ ተገጠመ፤ አዲሱ ብረት አሮጌ እንዲመስል በአሲድ ጠቆረ። ያ ሁሉ የመቶ ሃምሳ ዓመት ጉዞ ተፍቆ ሽጉጡ ‹‹እንደ ተወለደ›› ሆነ።

ብልጥ ሰብሳቢ በዓይኑ ይይዘዋል። ባልጩት የተተኮሰበት ሽጉጥ ቀዳዳው አካባቢ በባሩድ እሳት የተበላ ብረት ይኖረዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ንጹሕ ከሆነ አንድ ነገር አለ። የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ በብርሃን ሲታይ ቀለሙ ይለያል። ከማቀጣጠያው በተቃራኒ በግራ በኩል እንጨቱ ላይ የተመታው የተቆጣጣሪው ማኅተም ጠርዙ ከደበዘዘ እንጨቱ ተፍቋል ማለት ነው። እንጨቱ ሲፋቅ ደግሞ ብረቱ ከእንጨቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ጣት ሲያልፍበት ያውቀዋል።

ይህ ችሎታ የግድ ያስፈልጋል። በ1968ቱ የአሜሪካ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ በፌዴራል ደረጃ እንደ ዘመናዊ መሣሪያ አይቆጠርም፤ የግዛቶች ሕግ ይለያይ እንጂ ንግዱ ባብዛኛው ክፍት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚከተለው ወረቀት የለም። ማንነቱ የተጻፈው በራሱ ገላ ላይ ብቻ ነው። ገላው ከተፋቀ ሌላ መዝገብ የለውም።

◾️ ‹‹እኔ እኮ ወደ ጥንቱ ነው የመለስኩት››

ጠጋኞቹ የሚሉት አላቸው፤ መስማት ተገቢ ነው። ሠሪው ያሰበው ባለባልጩት ነበር፣ እኔ የሠሪውን ሥራ አከበርኩ ይላሉ። ሙዚየም የሚመጣ ተማሪ አሠራሩን ማየት አለበት ይላሉ። የጠፋ ክፍል መተካት ነውር አይደለም ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። የሚበላ ዝገት ካልቆመ ብረቱን ይጨርሰዋል፤ የሚፈራርስ እንጨት ካልተደገፈ ይጠፋል። የሙዚየም ባለሙያዎችም ይጠግናሉ። ነገር ግን ደንብ አላቸው፦ የነካኸውን ጻፍ፣ ያደረግኸው ሊመለስ የሚችል ይሁን፣ አዲሱን አሮጌ ነው አትበል።

ተመልሶ የተለወጠውን ሽጉጥ ‹‹ተመልሶ የተለወጠ›› ብሎ የሚሸጥ ሐቀኛ ነጋዴ አለ። የእሱ ገዢ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሸጠው ግን ያቺ ቃል ትረሳለች። ከዚያ ሽጉጡ ባለፎቶ መጽሐፍ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ያንን ፎቶ እንደ ማስረጃ ይጠቅሳል። ውሸቱ ምንጭ ተገኘለት ማለት ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። በ2002 ላፋዬት ለጆርጅ ዋሽንግተን የሰጠው፣ በኋላም በአንድሩ ጃክሰን እጅ የገባው ጥንድ የኮርቻ ሽጉጥ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እነዚያን ያስወደዳቸው ያለፉበት እጅ ነው። ባለቤቱ ዋሽንግተን ሲሆን ጭረቱ ሳይቀር ክብር ነው። ባለቤቱ ስሙ ያልተጻፈ ፈረሰኛ ሲሆን ግን ያው ጭረት ዋጋ መቀነሻ ይሆናል። የታላላቆቹን አሻራ ጠብቀን የተራውን ሰው አሻራ በብርጭቆ ወረቀት እናጠፋለን። የሃርፐርስ ፌሪን ሽጉጥ ንስር ማኅተም በማጉያ መነጽር የሚያይ ሰው ያችው ፋብሪካ በ1859 ጆን ብራውን ባሪያዎችን ለማስታጠቅ ብሎ የወረራት፣ በ1861 የመንግሥት ወታደሮች ለደቡቦቹ እንዳትተርፍ እሳት የለኮሱባት መሆኗን አብሮ ካላየ፣ የያዘው ጌጥ ብቻ ነው።

◾️ ለእኛስ?

ዓፄ ቴዎድሮስ በኤፕሪል 1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ሽጉጡ ላይ የነበረችው የብር ጽሑፍ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት በጎነት ምስጋና የምትገልጽ ነበረች። ያቺን ጽሑፍ አውጥታችሁ አስቡት፦ አንድ የእንግሊዝ ሽጉጥ ብቻ ይቀራል። ወዳጅነቱ፣ ክህደቱ፣ የዕጣው ምፀት ሁሉ ያለው በጥቂት ቃላት በተጻፈባት ብረት ላይ ነው።

በየቤታችን ደግሞ የአያት ጎራዴ፣ የአድዋ ወይም የማይጨው ጠመንጃ፣ የብር ጋሻ አለ። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል በአመድና በሽቦ የሚፈተግ ስንት አለ? ሰደፉ ላይ የተቀረጸች ስም፣ የእጅ ላብ ያጠቆረው እንጨት፣ በጠፍር የተጠገነች ስንጥቅ፣ እነዚህ ሁሉ የባለቤቱ ቃል ናቸው። ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው፦ ከእርጥበት አርቁት፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን አንሱለት፣ ማን ይዞት የት እንደዘመተ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቃችሁ ጻፉ። ቀለም አትቀቡት፤ ብረቱን አትፈትጉት።

ነገሩ ከብረትም ያልፋል። ዛሬ በየሚዲያው ስለ ታሪካችን የምንከራከረው ሁሉ አንድ ‹‹ትክክለኛው፣ የጥንቱ›› የሚባል ነገር እንዳለና በኋላ የመጣው ጥገና ሁሉ እድፍ እንደሆነ አድርገን ነው። አንዱ ወገን የራሱን ዘመን ባልጩት ሊገጥምበት ይበይዳል፤ ሌላውም የራሱን። ሁለቱም ‹‹ወደ ጥንቱ መለስኩት›› ይላሉ። አገር ግን ተለውጣ፣ ተሰንጥቃ፣ ተጠግና ነው እዚህ የደረሰችው። ስንጥቁ ማን እንደመታት ይናገራል፤ ጥገናውም ማን እንዳዳናት። ሁለቱን ፍቀን የምናገኘው የሚያብረቀርቅ ነገር ለሽያጭ ይሆን ይሆናል፤ ከእሱ የምንማረው ግን አይኖርም።